በርበሬ ጨዋ የሆነች ዕለት

የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ሐኪም ነኝ። ልጆች ባይወዱኝ አይገርመኝም፤ የለየላት ጠላቴ ግን አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ናት። ሰፈሩ በሙሉ በርበሬ ይላታል። ምላሷ ጤፍ ይቆላል፤ ጥርሷም ከምላሷ አያንስም። ባለፈው ጆሮዋን ላያት ጠጋ ስል አውራ ጣቴን ነክሳኝ፣ በገዛ ክፍሌ ቁስሌን አሳጥቤ ወጥቻለሁ። አያቷ «ኧረ ነውር ነው!» ይላሉ እንጂ ሳቃቸውን መደበቅ አይችሉም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አያቷ አዝለዋት መጡ። ከትናንት ጀምሮ ተቅማጥና ትውከት ይዟታል። መጠበቂያው ላይ አንድ ድብልብል ያለ ሕፃን ጣራውን እስኪነቅል ያለቅሳል፤ እናቱም «ልጄ አለቀ፣ ሐኪም የለም ወይ!» እያለች ያገኘችውን ሁሉ ትገላምጣለች። የበርበሬ አያት ግን እንዳዘሏት ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ላይ ኩራት ነገር ይነበባል።

«እኛ አንቸኩልም፣ ልጄ፤ መጀመሪያ ይሄን የሚያለቅሰውን እይው» አሉኝ። «የኔዋ ዛሬ ጨዋ ሆናልኛለች። ከጠዋት ጀምሮ ማንንም አልሰደበችም። ጸሎቴ ተሰማ መሰለኝ።»

እውነት ለመናገር እኔም ደስ አለኝ። ጎንበስ ብዬ፣ ጣቶቼን ለማሸሽ ተዘጋጅቼ፣ «እሺ ጠላቴ፣ እስቲ እጅሽን ስጪኝ» አልኳት።

ሰጠችኝ።

ክው አልኩ። ክፍሉ በሙቀት ታፍኖ እጇ እስከ ክንዷ ድረስ ቀዝቅዟል። ጥፍሯን ተጫንኩና ለቀቅኩ፤ ነጭ እንደሆነ ቆየ፣ ቀዩ ቶሎ አልመለስ አለኝ። የደም ሥሯ ምት ቀጥኖ ይሮጣል። ከአያቷ ጀርባ አውርጄ ታቅፌያት ሮጥኩ።

«ወዴት ነው? ተራችን አልደረሰም እኮ!» አሉ አያት።

«እማማ፣ ጨዋ ሆና አይደለም! ፈሳሽ ከሰውነቷ አልቆ ደሟ በደንብ አልዘዋወር ብሎ ነው ዝም ያለችው። ሾክ ውስጥ ናት።»

ሲስተሯ ኦክስጅኑን አድርጋላት የደም ግፊቷን ለካች። «ደህና ነው» አለች፤ ግን እሷም አላመነችውም፣ መርፌውን መክፈት ጀምራ ነበር። የልጅ ግፊት ጓዳው ባዶ ሆኖ እንግዳ ፊት እንደሚስቅ ባለቤት ነው፤ እስከ መጨረሻው ይደብቃል። የወረደ ቀን ነገሩ አብቅቷል። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል።

የደም ሥር ፈለግን፤ የለም። እጇን ወጋናት፣ ክርኗን ወጋናት። በርበሬ በከፊል በተከደነ ዓይኗ አየችኝና ዝም አለች። ፈራሁ። ሐኪም ነኝ፣ ግን ፈራሁ። «ስደቢኝ እንጂ! ጣቴ ይኸውልሽ!» እያልኩ፣ ፈሳሹ በአጥንቷ በኩል እንዲገባ ወፍራሙን መርፌ ከጉልበቷ በታች አጥንቷ ውስጥ አስገባሁት። እሷ ግን ንቅንቅም አላለች።

ሲስተሯ ጨው ያለበትን ፈሳሽ በስሪንጅ እየሳበች ትገፋለች፤ እኔ ደረቷን አዳምጣለሁ፣ ጉበቷን እዳስሳለሁ፤ ፈሳሽ ሲበዛም ይጎዳልና። ከበሩ አጠገብ የአያቷ ድምፅ ይሰማኛል።

«ጌታዬ፣ ያልኩህን ተወው። ጨዋነቱ ይቅርብኝ። ትሳደብ፣ ትናከስ፣ ብቻ እንደነበረች መልስልኝ።»

የመጀመሪያው ዙር አለቀ፤ እግሯ አሁንም ቀዝቃዛ ነው። ሁለተኛውን ጀመርን። መሃል ላይ መጠበቂያው ጸጥ አለ። የዚያ የድብልብሉ ልጅ ችግር የጠበበው ጫማ ነበር አሉ፤ አውልቀውለት እየሳቀ ሄደ።

ሁለተኛው ሲያልቅ ምቷ ረገብ ያለ መሰለኝ። እግሯን ነካሁ፣ ለብ ብሏል። ምኞቴ እንዳያታልለኝ ፈራሁና ጥፍሯን ደግሜ ለማየት ወሰንኩ።

«ጠላቴ፣ እስቲ እጅሽን ስጪኝ።»

ቅንድቧ ተሰበሰበ። እጇን ቀስ ብላ ጎተተችና ብብቷ ስር ሸጎጠችው።

«አልሰጥም! አስቀያሚ!»

«ኧረ ነውር ነው!» አሉ አያት ከበሩ፣ ልማድ ሆኖባቸው። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተንሰቀሰቁ። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ፤ ዞር ስል በርበሬ አውራ ጣቴን እያየች ነበር።