የእንግዳችን ጥርስ

ባለቤቴ ከሞተ ሁለት ወር ሊሆነው ነው። ሊያስተዛዝኑኝ ከመጡት ሰዎች ግማሾቹ አፋቸው ውስጥ የእሱን ሥራ ይዘው ነው ያለቀሱት። እኔም እንባዬን እየጠረግሁ «ይሄ የላይኛውን ብቻ፣ ያቺ ሙሉውን» እያልኩ በሆዴ እለያቸው ነበር። ቢያየኝ ይስቅብኝ ነበር። ታዲያ አንዷ ጎረቤታችን፣ እሷም በእሱ ጥርስ እየተናገረች፣ «ነፍሱን ይማረው፤ ጎበዝ ነበር። ኋላ ላይ እጁ ከዳው እንጂ» አለች። እሱ ዝም ብሎ የኖረበትን ነገር በለቅሶ መሃል ማፍረስ አልፈለግሁም። አሁን ግን የሚጎዳበት ሰው ስለሌለ እጁ እንዳልከዳው ልጽፍ ነው።

ባለቤቴ ጥርስ ሠሪ ነበር። ሐኪም አይደለም፤ ሐኪም ነቅሎ የተወውን ቦታ የሚሞላ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ እጁም ቅንድቡም ነጭ ስለሚሆን ከተማው «ዶክተር ጀሶ» ይለዋል። ከቤታችን ፊት ለፊት ያለችው ክፍል መሥሪያችን ነበረች። ወደ ኋላ የሚያጋድል አንድ ወንበር፣ መስኮቱ ሥር ረጅም ጠረጴዛ፣ መደርደሪያው ላይ ደግሞ የከተማው ሰው አፍ በሙሉ በጀሶ ተቀድቶ፣ በእርሳስ ስሙ ተጽፎበት ተደርድሯል። እኔ ጀሶ አቦካለሁ፣ ያለቀውን እወለውላለሁ።

ከተማችን የአገሩ ዳር ናት። ከዋናው መንገድ ጫፍ ድልድይ አለ፤ ከድልድዩ ማዶ ሌላ አገር ነው። አንዲት ልጃችን ማዶ አግብታ እዚያ ትኖራለች።

ሁለቱ መንግሥታት በግቢ ውኃ እንደሚጣሉ ጎረቤታሞች ነበሩ ብል ጎረቤቶቼን መስደብ ይሆንብኛል። የእኛው የማዶውን መንግሥት የሚወጉ ሰዎች ያስጠጋል፤ የማዶውም የእኛን የሚወጉ ያስጠጋል። ሁለቱም «እኛ? መቼ?» ይላሉ። እነሱ ላስጠጓቸው ሰዎች አለቃ መኪና ሲሰጡ፣ የእኛዎቹ በሳምንቱ እኛ ዘንድ ላለው አለቃ ረዘም ያለ መኪና ሰጡት። እነሱ በራዲዮ ግማሽ ሰዓት ሲፈቅዱ፣ የእኛዎቹ አርባ ደቂቃ ፈቀዱ። የእኛው ሰውዬ መኖሩ ስለሚካድ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። እኛ «እንግዳችን» እንለዋለን። የማዶውን ደግሞ «እንግዳቸው»።

እንግዳችን ስድሳ ዓመት ያለፈው የጦር አዛዥ ነበር። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በራዲዮ ይናገራል። የድሮ ሰው ሠራሽ ጥርሱ ስለላላ «ሰ» ባለ ቁጥር ያፏጫል። የድልድዩ ግራና ቀኝ ሕፃን ሁሉ ፉጨቱን እያስመሰለ ይጫወታል። አንድ ቀን ጥርሱን ሲያጥብ ከእጁ አምልጦት መታጠቢያው ላይ ሦስት ቦታ ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ በራዲዮ መናገር ቀርቶ፣ ደህና ዋላችሁ ለማለትም አፉን በመሐረብ ሸፍኖ ሆነ።

ወደ እኛ ያመጣው አንድ የደኅንነት ሰው ነው። ሥራው እንግዳችንን መጠበቅ፣ ማንሳትና ማስቀመጥ ስለሆነ በሌለበት «አስተናጋጁ» እንለዋለን።

«ጋሼ፣ ስንት ቀን ይፈጃል?» አለ አስተናጋጁ።

«ሁለት ሳምንት።»

«አንድ ያድርጉት። ማዶ ያሉት ሰዎቹ ሁሉን ነገር ጨርሰው የሚጠብቁት የሱን ድምፅ ብቻ ነው። ተነሱ ሲላቸው መጀመሪያ የሚነሱት እዚችው ማዶ ባለችው ከተማ ነው። ድልድዩን ይይዛሉ፣ ከዚያ...» እጁን ወደ መስኮቱ ዘረጋና የቀረውን አገር ለኛ ግምት ተወው።

ምስጢሩን የሚጠብቀው ከትልልቅ ሰው ነው። ጥርስ ሠሪና ሚስቱ ለሱ ከወንበሩ አይለዩም።

ልጃችን የምትኖረው እዚያችው ከተማ ነው። የመጀመሪያዋን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ጀምራለች፤ ሐኪሟ ከአልጋ እንዳትወርድ አዝዛታለች። ድልድዩ ለመኪና ከተዘጋ ሁለት ዓመት አልፎታል። በእግር መሄድና ፀሐይ ላይ መሰለፍ ነው። ከነአልጋዋ የሚያሻግርልን የለም።

ባለቤቴ መብራቱን ወደ እንግዳችን አፍ አዞረ። ያን ያህል ጊዜ አንድ አፍ ውስጥ ሲመለከት አይቼው አላውቅም።

«ሁለት ሥር ቀርቷል» አለ በመጨረሻ። «መነቀል አለበት። ከዚያ ድዱ እስኪሽር ስድስት ሳምንት።»

«ስድስት?» ብሎ ጮኸ አስተናጋጁ። «መንግሥት እኮ ነው የሚጠብቅዎት!»

«ድድ መንግሥት አያውቅም፣ ልጄ።»

እንደወጡ ጀሶውን ማቡካት ትቼ ቆምኩ። «ሰማህ ያለውን?»

«ጆሮዬ ውስጥ ጀሶ የለም።»

«ስድስት ሳምንት አይበቃትም።»

«ለስድስቱ እውነት አለኝ» አለ። «ለቀረው እንግዲህ መዋሸት መልመድ ነው።»

ሥሮቹ ሐኪም ቤት ተነቀሉ። እንግዳችን በየሳምንቱ ድዱን ሊያሳይ ይመጣል። አስተናጋጁ ለሲጋራ ሲወጣ በመሐረቡ ውስጥ ሆኖ ማውራት ይወድ ነበር።

«ልጅህ ማዶ ናት አሉ» አለው አንድ ቀን። «የት ሰፈር?»

«ከሲኒማ ቤቱ ጀርባ።»

«ሲኒማ ቤቱ አለ እንዴ?»

«ወንበሮቹ ተነቃቅለዋል እንጂ አለ። ልጄ ከአልጋዋ ሆና ጣራው ይታየኛል ትላለች።»

«ታማለች?»

«አርግዛ ነው። እንዳትነሳ ተብላ።»

እንግዳችን መሐረቡን አጥፎ እንደገና ዘረጋው። «እኔ የተወለድኩት እዚያው ጀርባ ነው» አለና አስተናጋጁ ሲገባ ዝም አለ።

ስድስቱ ሳምንት አለቀ። አሁን ጥርሱ በሰም ላይ ተደርድሮ፣ ተለክቶ፣ ልክ ካልሆነ መልሶ መደርደር ነው። ውሸቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነበር። ባለቤቴ ጠዋት ሲቀመጥ «ዛሬ አበላሸዋለሁ» ብሎኝ ተቀመጠ። ማታ ሳየው እንደ በቆሎ እሸት ደርድሮ አሳምሮታል።

«ምነው! አበላሸዋለሁ አላልክም?»

«አበላሽቼው ነበር እኮ» አለ እያፈረ። «ሌላ ሐሳብ ውስጥ ስገባ እጄ አስተካከለው መሰለኝ።»

በማግስቱም እንደዚያው። ባለቤቴ እንኳን ለአዛዥ፣ ለጠላቱም መጥፎ ጥርስ መሥራት አይችልበትም። በሦስተኛው ቀን «ተነስ ወዲያ» አልኩትና ሰሙን በእሳት አለስልሼ ከቀኝ በኩል አንዱን የመንጋጋ ጥርስ አንድ ጸጉር ታህል ከፍ አድርጌ መለስኩት። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«አታሳዪኝ።»

እንግዳችን ሲነክስ ቀጭ አለና ወደ ግራ ተንሸራተተ። ባለቤቴ «ንክሻው አልገጠመም፤ እንደገና» አለ። ላቡ ግንባሩ ላይ ሲወርድ አስተናጋጁ የሥራ ድካም መሰለው። በሳምንቱ ሌላኛውን መንጋጋ ከፍ አደረግሁ። በሌላው ሳምንት የፊቱን አጣመምኩ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ሳላበዛው አልቀረሁም፣ እንግዳችን መስታወት አይቶ ደነገጠ። ስለዚህ ያቺ ጎረቤታችን ትስማኝ፦ የባለቤቴ እጅ አልከዳውም። ያበላሸው የኔ እጅ ነው።

ከተማው ግን ይህን አያውቅም። እንግዳችን ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ገብቶ አሁንም በመሐረብ ሲወጣ ያያል። «ዶክተር ጀሶ አረጀ» ተባለ። ጥርሷ ተለክቶ የነበረች አስተማሪ «ትንሽ ልቆይ» ብላ ሌላ ከተማ ሄዳ አሠራች። ፀጉር አስተካካዩ ባለቤቴን «እጅህ ይንቀጠቀጣል እንዴ?» ብሎ ጠየቀው፤ ምላጩን በያዘው እጁ። ሠላሳ ዓመት የሠራው ስሙ በአንድ ወር ሲሟሟ እያየ «ምን ይደረጋል፣ ዕድሜ ነው» ይላቸዋል። ቤት ሲመጣ ግን መደርደሪያው ፊት ቆሞ ድሮ የሠራቸውን ያያል።

በአሥረኛው ሳምንት ሐሙስ ልጃችን ወለደች። ሴት። ባሏ ደውሎ «ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ግን ለጥቂት ሳምንት አትነሳም ተብሏል» አለን። ተላቅሰን ሳንጨርስ አስተናጋጁ በሩን ሳያንኳኳ ገባ።

«እሑድ ይናገራል፤ በራዲዮ ተነግሯል። ቅዳሜ ጥርሱ አፉ ውስጥ ካልሆነ ከዋና ከተማ ሌላ ሠሪ አስመጣለሁ፣ ጋሼ። ለእርስዎ ደግሞ ለምን እንደዘገየ የሚጠይቅዎት ሰው አስመጣለሁ።»

ሲወጣ ሰሙን ለማለስለስ እሳቱን ለኮስኩ። ባለቤቴ አጠፋው።

«ይሄን እኔ ልሥራው» አለ።

«ልጅህ አራስ ናት እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እንዴት አድርገህ ነው የምትሠራው?»

«አሳምሬ።»

ዓርብ ቀኑን ሙሉ አላናገርኩትም። እሱም አላናገረኝም፤ ደስ ብሎት እየሠራ ነበርና ማኩረፌን አላስተዋለም ቢባል ይሻላል። እንዲወለወል ሲሰጠኝ የምወለውለው ነገር አልነበረውም።

ቅዳሜ እንግዳችን ነከሰ። ድምፅ የለም፣ መንሸራተት የለም። መስታወቱን አየ፤ ጎኑን አየ፤ አስተናጋጁን ሳይቀር ፈገግ ብሎ አየው። መሐረቡን ኪሱ ከተተ።

አሁን ባለቤቴ የሚናገራት አንድ ነገር እንዳለች አውቃለሁ። ከማንም አስቀርቷት አያውቅም፤ መስማት ለማይችሉ አንድ ሽማግሌ እንኳ በወረቀት ጽፎ ነው የሰጣቸው። አዲስ ጥርስ ድምፅ ይለውጣል። ምላስ ቤቱ ሌላ ሰው የገባበት ይመስለዋል። አንድ ወር ያህል በየቀኑ ጮክ ብሎ በማንበብ ነው የሚስተካከለው። ይህችን ሲላት ለመስማት ቆምኩ። እሱ እጁን ታጠበ፣ ፎጣውን አንስቶ ጣቱን አንድ በአንድ አደረቀ፣ «በደህና ይጠቀሙበት» አለ። እኔም ምላሴን ያዝኩ።

እሑድ ራዲዮውን ከፍተን ተቀመጥን። ከሙዚቃው በኋላ አንድ ሰው መናገር ጀመረ። ድምፁ ወፍራም፣ ረጋ ያለ፣ ትኩስ ድንች አፉ ውስጥ ይዞ ላለመቃጠል የሚጠነቀቅ ዓይነት ነው። ፉጨት የሚባል የለም። «ተነሱ» ሲል የባንክ ቤት ሰው ተራችሁን ጠብቁ የሚል ይመስል ነበር። ባለቤቴ ጉልበቱን ይዞ መሬት መሬት ያያል። አርባው ደቂቃ አልቆ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ።

«እማዬ» አለች ልጄ፣ እየሳቀች። «የናንተ ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው? ሰውየው ሞቶባቸው ነው ሌላ የተኩት?»

«ማን አለ?»

«ሰፈሩ በሙሉ! ‹አስመሳይ ነው› ብለው ሲስቁ ግድግዳውን አልፎ ይሰማኛል። ማስመሰል ከሆነ እኮ ባሌ ይሻላል። ፉጨቱን እንኳ አልቻለበትም!»

«ውጭ ሰላም ነው?»

«ምን ይሆናል? አባዬ ምነው ዝም አለ? አጠገብሽ አይደለም?»

አባቷ ፎጣ ፊቱ ላይ አድርጎ ነበር።

ማዶ ሆነው ድምፁን ሲጠብቁ የነበሩት ሰዎችም እንደ ሰፈሩ ነው ያሰቡት፤ ወጥመድ ነው ብለው አንድም ሰው ከቤቱ አልወጣም። የማዶው ራዲዮ ምሽት ላይ «ጎረቤታችን ሰው አልቆበት ተዋናይ ቀጠረ» ብሎ አላገጠ። የኛ ከተማ ደግሞ ማክሰኞ ሳይደርስ «ዶክተር ጀሶ የሰውየውን ድምፅ አበላሸ» ብሎ ፈረደ።

ሰኞ ጠዋት አስተናጋጁ እንደ ሚጥሚጣ ቀልቶ መጣ። እንግዳችን ከኋላው ገባና «አንተ ውጭ ጠብቅ» አለው። በሩ ተዘጋ። እንግዳችን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ አልተጋደመም።

«ዶክተር፣ አዲስ ጥርስ ድምፅ ይለውጣል?»

«ይለውጣል። ምላስ እስኪለምደው። መድኃኒቱ በየቀኑ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው።»

«ቅዳሜ አልነገርከኝም።»

«ረሳሁ።»

«ከዚህ በፊት ለስንት ሰው ረስተሃል?»

ባለቤቴ መዋሸቱን ለምዶ አልጨረሰም ነበር። «ለማንም» አለ።

የያዝኩትን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ውጭ የአስተናጋጁ ጫማ ወዲያ ወዲህ ሲል ይሰማል። እንግዳችን ምላሱን በጥርሶቹ ላይ ከዳር እስከ ዳር አስኬደው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ወለደች?»

«ሐሙስ» አልኩ።

«ምን?»

«ሴት።»

ራሱን ነቀነቀ። «ስለ ማንበቡ ያልከኝን ወረቀት ላይ ጻፈውና ማህተም ምታበት» አለው ባለቤቴን። «ለዚያኛው የማሳየው ነገር ያስፈልገኛል።»

ባለቤቴ ጻፈ፦ ምላስ ጥርሱን እስኪለምድ ለአንድ ወር ጮክ ብሎ ማንበብ፤ በራዲዮ አለመናገር። እንግዳችን ወረቀቱን ተቀብሎ በዚያ ወፍራም ድምፁ ቃል በቃል አነበበውና መለሰለት።

«የኔ ምላስ ቶሎ አይገባውም» አለ። «ሦስት በለው።»

ባለቤቴ የተሰረዘ ነገር ከእጁ እንዲወጣ አይወድም። አዲስ ወረቀት አወጣ።

ከዚያ በኋላ እንግዳችን በየጠዋቱ እየመጣ ወንበሩ ላይ ጋዜጣ ያነባል። የመንግሥታቱን ስድብ፣ የአየሩን ሁኔታ፣ የጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያ፣ ያገኘውን ሁሉ። ልጃችን በሰባተኛው ሳምንት ሕፃኗን አቅፋ ድልድዩን በእግሯ ተሻገረች፤ ወታደሩ የሕፃኗን መታወቂያ ጠይቆ ግማሽ ሰዓት አቁሟት ነበር። በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ እንግዳችን ከገጹ መሃል ደርሶ ነበር። ቀና ብሎ አያትና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጮክ ብለው ነው ያልኩዎት» አለው ባለቤቴ።

«ተኝታለች እኮ» አለ እንግዳችን፣ እየተንሾካሾከ።