ጩኸት ብትሰሙ አትምጡ

ከቤቴ ጩኸት ብትሰሙ አትምጡ ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። በር ለበር እየዞርኩ፣ እየሳቅኩ ነው የተናገርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ እትዬ ያለምወርቅ ግቢ ውስጥ ሁለት የጭቃ ክፍል ተከራይቼ ስቱዲዮ ከፈትኩ። ስቱዲዮ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ማይክ፣ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር፣ አንድ ድምፅ መቆጣጠሪያ ሚክሰርና ሁለት ማዳመጫ ነው ያለኝ። ግድግዳውን በስፖንጅ ፍራሽና በእንቁላል ካርቶን ለበጥኩት። በአንደኛው ክፍል እኔ ከነማሽኔ እቀመጣለሁ፤ በሌላው ዘፋኙ ማይኩ ፊት ይቆማል። በመሀላችን ባለው ግድግዳ ላይ መስታወት የገባለት ትንሽ መስኮት ነበር፤ በእሱ እንተያያለን። ክፍሎቹን የሚያገናኝ በር ግን የለም። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ በግቢው መዞር ያስፈልጋል።

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ የኔአለም ነበረች። ዘፋኝ አይደለችም፤ የቁይ አካባቢ ሙሾ አውራጅ ናት። ለቅሶ ቤት ገብታ አፏን ስትከፍት ሟቹን የማያውቅ መንገደኛ እንኳ ቆሞ ያለቅሳል። እኔ ዘንድ የመጣችው ግን ለሰው ሟች ልታለቅስ አልነበረም። የራሷን ባል ልታለቅስ ነው።

ባሏን አንለይን የገደለው የገዛ ወንድሟ ጸጋው ነው። አባታቸው ለእሷ ያወረሷትን መሬት አንለይ ሲያርስ፣ ጸጋው ድንበር ገፋህብኝ ብሎ በገጀራ ጨረሰው። ያየው ሁሉ አላየሁም አለ። ምስክር ጠፋና ተለቀቀ። ሽማግሌ ገብቶም አስታረቃቸው፤ እሷንም ከእንግዲህ በዚህ ነገር ስሙን እንዳታነሺ ብሎ አስማላት።

«የማልኩት ለሽማግሌ ነው፤ ለአንለይ አልማልኩም» አለችኝ መጀመሪያ ቀን። «ፍርድ ቤቱ ምስክር የለም አለኝ። እንግዲያ እኔው እመሰክራለሁ። በየሚኒባሱ፣ በየሱቁ ይሰማ።»

ጸጋው ወሬው ደርሶት ልኮባት ነበር። ስሜን በዘፈን ብታወጪ ያንን ጉሮሮሽን እቆርጠዋለሁ አላት። ይህንንም አልደበቀችኝም። እኔ ግን ከእትዬ ያለምወርቅ ደበቅኩት። ብነግራቸው ከቤት ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ።

የመጀመሪያ ቀን «ኡኡ!» ስትል ግቢው በአንድ አፍታ ሞላ። ዱላ የያዘ፣ መጥረቢያ የያዘ፣ እጇን ሊጥ እንደነካው የሮጠች ሴት፣ አንድ ደግሞ ጠመንጃውን ያቀባበለ ሽማግሌ መጡ። በእኛ አገር ኡኡታ ሰምቶ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው የለም። እኔ ሳቄ መጣ። እትዬ ያለምወርቅ ግን አልሳቁም።

«አንሙት፣ ልቤን ልታፈርጠው ነው እንዴ? ወይ ቤቱን ድፈነው፣ ወይ ልቀቅልኝ» አሉኝ።

ደፈንኩት። የበሩን ስንጥቅ በአሮጌ ጋቢ፣ የኮርኒሱን ቀዳዳ በጭድና በጭቃ ጠቀጠቅኩት። ሊያፈተልክ የሚችል ትርፍራፊ ድምፅ ደግሞ ማንንም እንዳያስደነግጥ ብዬ በየበሩ ዞርኩ። ከእኔ ቤት ጩኸት ብትሰሙ ቀረጻ ነው፣ አትምጡ አልኳቸው። እሺ አሉኝ።

ነገር ሲበላሽብኝ የማልችል ሰው ነኝ። ቀረጻው ውስጥ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ሲገባ ሦስት ቀን ሳልበላ ፈለግኩት። ሶኬቱ የመሬት ሽቦ አልነበረውም። ደጅ ብረት ቀብሬ ሽቦ ሳስርበት ጠፋ። እፎይ ከማለቴ ሌላ መጣ፤ የኔአለም ደረቷን ስትመታና ወለሉን ስትረግጥ አንድ ነገር ይንቀጫቀጫል። የመስኮቱ መስታወት ነው። ነቀልኩትና ቀዳዳውን በፍራሽ ወተፍኩት።

«አሁን በምን እንተያያለን?» አለችኝ።

«መሰማማት ይበቃናል፤ መተያየት ምን ያደርግልናል?» ብዬ ቀለድኩባት።

አሁንም ይንቀጫቀጫል። ጆሮዬን በየግድግዳው ለጥፌ ፈለግኩ። የበሩ የውስጥ መቀርቀሪያ ሆኖ ተገኘ። ካቻቢቴ አምጥቼ ፈታሁት። የኔአለም ብረቱን ከእጄ ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

«ያለ መቀርቀሪያ?»

«በጠራራ ፀሐይ ማን ይመጣብሻል? እትዬ ያለምወርቅ ደጅ አሉ፤ እኔም እዚሁ ነኝ» አልኳት። ተናድጄ ነበር፤ ሥራዬን የምታደናቅፍ መሰለኝ። መቀርቀሪያውን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ቀረጻ ጀመርን። ድምፅ የሚባል ነገር ካለ የእሷ ነው። ግን ይጠነቀቃል። የጸጋው ስም ጋ ስትደርስ ትውጠዋለች፤ ጩኸቷም ልክ አለው። አምስት ጊዜ አስደገምኳት። በስድስተኛው ደሜ ፈላ።

«የኔአለም፣ ይህ የለቅሶ ቤት ጨዋነት ይቅርብሽ!» አልኳት፤ በእኔ ማናገሪያ ያልኩት በማዳመጫዋ ይደርሳታል። «ስሙን ጥሪው! ሰው እየገደለሽ እንደሆነ አድርገሽ ጩሂ!»

ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኳት። «እሺ» አለችና ጀመረች፦

ድንበሩን አትንኩ ድንበሩማ ሰው ነው፤
ባሌን እዚያ ጥሎ ወንድሜ ተከለው።

ከዚያ ቆመች።

«ጸጋው!» አለች።

ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ፤ በደስታ። በመጨረሻ ስሙን ጠራችው!

«ጸጋው! ኧረ በእናታችን! ኧረ በጠባነው ጡት!» ቀጥሎ ኡኡታው መጣ። እንዲህ ያለ ድምፅ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። በዚያው ቅጽበት ቀዩ መብራት በራ። ድምፅ ከልኩ ሲያልፍ ሚክሰሩ ላይ ቀይ ይበራል፤ ያኔ ቀረጻው ይሰነጣጠቃል። ይህን የመሰለ ጩኸት ሊበላሽብኝ ነው ብዬ እጄን ሰደድኩና የድምፁን ቁልፍ ወደ ግራ አዞርኩት። ጩኸቱ አነሰ። መብራቱ ግን አልጠፋም። ደግሜ አዞርኩት። አሁን አረንጓዴ ሆነ። የማይኩ ማቆሚያ ሲወድቅ ሰማሁ፤ በስሜት ገፍታው ነው አልኩ።

ከዚያ ዝም አለች።

«እንዲህ ነው!» አልኳት። «ግሩም ነው! ትንፋሽ ውሰጂና አንዴ ድገሚልኝ።»

ማዳመጫዬን ጫን አድርጌ ያዝኩት። ትንፋሽ ይሰማል፤ ከባድ ነው፤ የሴት አይደለም።

«ወደ አንለይ ነው የምልክሽ» አለ አንድ ወንድ። «እሱንም እኔው ነኝ ያስተኛሁት።»

ወንበሬን ገልብጬ ወጣሁ። እትዬ ያለምወርቅ ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ፤ ከበሩ አሥር እርምጃ አይርቁም።

«ወንድሟ መጣ፣ አገኘኸው?» አሉኝ ፈገግ ብለው። «እኔ ነኝ በሩን ያሳየሁት።»

በሩን በትከሻዬ በረገድኩት። የኔአለም በጀርባዋ ወድቃለች። ጸጋው ጉልበቱን ደረቷ ላይ ተክሎ፣ የማዳመጫዋን ገመድ አንገቷ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሞ በሁለት እጁ ይስባል። ማጭድ አጠገቡ ወድቋል። ጉሮሮዋን በማጭድ ሊቆርጥ ሲል በእጇ ተከላክላዋለች መሰለኝ፤ ሁለት ጣቶቿ ወለሉ ላይ ነበሩ። የለበጥኩት ስፖንጅ እስከ ወገቤ ድረስ ደም ጠጥቷል። እግሯ መንፈራገጥ አቁሞ ነበር።

የወደቀውን የማይክ ማቆሚያ አነሳሁና ጀርባውን መታሁት። አልለቀቀም። ራሱን ስመታው ለቀቀና ማጭዱን ይዞ ተነሳ። ክንዴን ከክርን እስከ አንጓ ተረተረው፤ አጥንቴን በዓይኔ አየሁት። «ኡኡ! ድረሱልኝ!» ብዬ ጮህኩ። ባለኝ ጉልበት ሁሉ ጮህኩ። ጩኸቴ ግድግዳው ላይ ሞተ። በሩ ከኋላዬ ተመልሶ ተዘግቷል፤ እኔ ራሴ ነኝ ጋቢ የጠቀጠቅኩበት። ማንም አልመጣም።

ዳግመኛ ሲሰነዝር ጉልበቱን አገኘሁት። ሲሰበር ተሰማኝ። ወደቀ። ከወደቀ በኋላም መታሁት፤ አፉን መታሁት፤ ጥርሱ ሲረግፍ መታሁት። ራሴን ለማዳን ነው አልልም። ደስ እያለኝ ነበር የምመታው።

ያስቆሙኝ እትዬ ያለምወርቅ ናቸው። እንግዳው ምሳ ይቆይ እንደሆነ ሊጠይቁ መጥተው በሩን ከፈቱ። የምስሩ ሰፌድ ከእጃቸው ወደቀ። ግቢው መሀል ወጥተው እሪ አሉ። ያን ሰምቶ እንኳ ግማሹ ጎረቤት ቀረጻ ነው ብሎ ዘገየ።

የኔአለም ተረፈች። ጸጋውም ተረፈ፤ እስር ቤት ነው ያለው። ፖሊስ ቀረጻውን ወስዷል። ለአንለይ ደም የጠፋው ምስክር ተገኘ ማለት ነው፤ ያውም ገዳዩ ራሱ።

በሦስተኛው ሳምንት ሆስፒታል አስጠራችኝ። ሐኪሙ ድምፅሽ አይመለስም ብሏታል። የምትናገረው በትንፋሽ ብቻ ነው፤ ጎንበስ ካላሉ አትሰማም።

«አሰማኝ» አለች።

ቀረጻውን ስልኬ ላይ ጭኜ ነበር። ማዳመጫ ላደርግላት ገመዱን ሳወጣ አንገቷን በፋሻ በተጠቀለለ እጇ ያዘች። ገመዱን ኪሴ ከትቼ ስልኩን ትራሷ ላይ አስቀመጥኩት። አብረን ሰማን። አንድ ቦታ ላይ እጄን ነካችኝ።

«እዚህ ጋ መልሰው።»

መለስኩት። ጩኸቱ ይመጣል፣ ይመጣል፣ ከዚያ እየራቀ ይሄዳል። ከሥሩ ቀጭን ሆኖ ስሜ ይሰማል። «አንሙት! አንሙት!» ሁለት ጊዜ። ያን ቀን አልሰማሁትም ነበር።

«ስምህን ስጠራ ድምፄ ለምን ሄደ?» አለችኝ። «ያኔ እኮ ገና ገመዱን አንገቴ ላይ አላጠለቀውም። ባለኝ አቅም ነው የጮህኩት።»

ማሽኑ ነው ልላት እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶም ነበር።

«ቀይ መብራት በራብኝ» አልኳት። «ያወረድኩት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ።»

ጣሪያውን ስታይ ቆየች። እኔ አለቅስ ነበር፤ እሷ አላለቀሰችም።

«ለሰው ይውጣ» አለች በመጨረሻ። «እንዳለ ይውጣ። የሱንም ቃል እንዳትቆርጥ። ያንተንም እንዳትቆርጥ።»

«የእኔን? የቱን?»

በደህናው እጇ ስልኩን ነካችው። በማዳመጫዋ የላክሁላትን ቃል ወለል ላይ የወደቀው ማይክ ይዞት ኖሯል። ከትራሷ ላይ የራሴ ድምፅ ወጣ፤ ደስ ብሎታል።

«እንዲህ ነው! ግሩም ነው! ትንፋሽ ውሰጂና አንዴ ድገሚልኝ።»