አንቲቫይረሱን አጥፉት

ሌባ ከመምጣቱ በፊት ደውሎ «ውሻውን እሰሩልኝ» ቢላችሁ ታስራላችሁ? የእህቴ ባል አስሯል።

እህቴ ፎቶ ቤት አላት። ባሏ የሒሳብ መምህር ነው፤ የኮምፒውተር ጦርነት ስለሚወድ «ጄኔራሉ» እንለዋለን። ቅዳሜ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ በገንዘብ የሚሸጥ ጌም በስልኩ ከሚከታተለው ቻናል በነፃ አወረደ፤ በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ጫነው። መመሪያው «አስቀድማችሁ አንቲቫይረሱን አጥፉት፣ በከንቱ ነው የሚጮኸው» ይላል። አጠፋው።

ሰኞ እህቴ ደወለችልኝ።

«ፎቶዎቹ አሉ፤ ግን የሉም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እኔስ መቼ ገባኝ? ናና እየው።»

ሄድኩ። እውነትም አሉ። የፋይሎቹ ስም በተርታ ተደርድሯል፤ አንዱም ግን አይከፈትም። እኔ መብራት መጥቶ ሲሄድ ነው አልኩ። እህቴ ሳጸዳ ገመድ ነቅዬ ይሆናል አለች። ጄኔራሉ በመሀረብ ስክሪኑን ይወለውላል።

«ስክሪኑ ምን አደረገህ?» አልኩት።

«እንጃ ወንድሜ። ጌሙ እኮ ይሠራል።»

ከፈተው። ታንኮቹ ይተኩሳሉ፣ ሙዚቃው ያምራል። የተሰረቀው ደህና ነው፤ እህቴ በላቧ የሠራችው ድራሹ ጠፍቷል። ይሄ እስከ ዛሬ ግራ እንዳጋባኝ አለ።

የጠራነው ኮምፒውተር ጠጋኝ መጥቶ አየው። «ከጌሙ ጋር የገባ ነገር ቆልፏቸዋል። መክፈቻው ያለው የቆለፈው ሰው ጋ ነው። ቅጂ የላችሁም?»

አለን፤ ግን እህቴ ወደ ሌላ ዲስክ የምትገለብጠው ደንበኛው ከመረጠ በኋላ ነው። ያልተመረጠ ፎቶ ለምን ቦታ ይይዛል ትላለች። ሁሉም መርጠዋል፤ አንዲት ሙሽራ ስትቀር። አባቷ ከሠርጓ ማግስት በድንገት ሞቱ። «ፊቱን ለማየት አቅም የለኝም፣ አቆዩልኝ» ብላ ነበር።

ጠጋኙ ገና ሳይወጣ እሷ ገባች።

«አሁን ችያለሁ» አለች። «ከአባቴ ጋር የጨፈርንበትን አሳዩኝ።»

እህቴ ባሏን አየች። ባሏ እኔን አየኝ። ልሰድበው አፌን ከፈትኩ፤ ያንኑ ስክሪን በመሀረቡ እንደገና መወልወል ሲጀምር አይቼ ዘጋሁት።

«ኮምፒውተሩ ትንሽ…» አለች እህቴ።

«ችግር የለም፣ እስኪስተካከል እጠብቃለሁ» ብላ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

አንተ የቻናሉ ባለቤት፣ «ራሴ ሞክሬዋለሁ፣ ንጹሕ ነው» ብለህ የጻፍከው፣ ስጠይቅህ «በውስጥ መስመር እናውራ» አልከኝ። በውስጥ የምናወራው የለንም። ያ ሁሉ ሰው ባመሰገነህ በዚያው ጽሑፍህ ሥር፣ ሁሉም እያየህ መልስ፦ ይህችን ልጅ ምን እንበላት?