በስሙ በኩል

"ቀይ አፈር ነው፤ እስቲ እዪው" አለች ወይዘሮ ጠጂቱ፣ ከጥጉ ወንበር ሥር የጠረገችውን በማፈሻ ይዛ። "ውጭው በረዶና ጨው ነው። ይሄ ከየት መጣ?"

ጸዮን ጎንበስ ብላ አየች። ከቀብር በጫማ የመጣ ነው እንዳትል፣ ከትናንት በስቲያ አባቷን የቀበሩበት መሬት በማሽን የተቆፈረ ግራጫ ጭቃ ነበር፤ እሱንም አረንጓዴ ምንጣፍ አልብሰውት ነው የጠበቋቸው። ይሄኛው ደረቅ ነው። በጣቷ ስትነካው ጣቷ ላይ ቀረ።

"የዚያ ሽማግሌ ወንበር ነው" አለች ጠጂቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ትናንትም ጠርጌያለሁ። ለመሆኑ በማን በኩል ናቸው?"

"በእድሩ በኩል መስለውኝ፣ ከእርስዎ ጋር የመጡ።"

"እኔ ደግሞ የአባትሽ ዘመድ መስለውኝ! ሁለት ጊዜ ሾርባ አቅርቤላቸዋለሁ እኮ።"

"ጠጡ?"

ጠጂቱ ትንሽ አሰበች። "ሳህኑን ሳነሳ እንዳለ ነበር" አለችና አፈሩን ወስዳ ደፋችው።

ለቅሶው የተቀመጠው ቶሮንቶ፣ ኖርዝ ዮርክ፣ አባቷ ይኖርበት በነበረው ሕንፃ ፓርቲ ሩም ውስጥ ነው። ድንኳን መትከል የማይታሰብ ነው፤ የአባቷ ቤት ደግሞ አንድ መኝታ ሆኖ ለቀስተኛው ኮሪደር ላይ ሊቆም ሆነ። ፓርቲ ሩሙ ስሙ እንደሚለው የድግስ ቤት ነውና፣ ከሰሞኑ የማን እንደሆነ ካልታወቀ ልደት ያመለጠ ባለ ብር ቀለም ፊኛ ጣሪያው ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። የሚያወርደው ጠፍቶ ሰው ሁሉ ከሥሩ ያለቅሳል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ነፋስ ይገባና ፊኛው ይዞራል። ሽማግሌው ሲገቡ ያየ ግን የለም። ሰው ቀና ሲል ጥጋቸው ላይ ተቀምጠው ይገኛሉ።

የእኛ ሰው ለቅሶ ቤት የመጣን እንግዳ ማን ነህ ብሎ አይጠይቅም። ቦታ ይለቅለታል፣ ሻይ ያቀርብለታል፣ እንግዳውም አንገቱን ደፍቶ ቆይቶ "እግዜር ያጥናችሁ" ብሎ ይወጣል። የሟች ቤተሰብ የእድሩ ሰው ነው ይላል፤ እድርተኛው የሟች ዘመድ ነው ይላል። በዚህ ይሉኝታ መሃል አንድ ሽማግሌ ቀርቶ አንድ ሻለቃ ጦር ቁጭ ብሎ ሾርባ ሊቀርብለት ይችላል።

ነገሩ ግን ሽማግሌው ተቀምጠው ብቻ አልቀሩም። የፍትሐቱ ዕለት፣ ሣጥኑ መሃል ላይ ተቀምጦ፣ ቀሲስ ስምዖን ወደ ጸዮን ዘንበል ብለው "የክርስትና ስማቸው ማነው?" ሲሉ እሷ ደነገጠች። አባቷ ለሁሉም ሰው ሳህሉ ባህሩ ነበር። የክርስትና ስሙን አንድም ቀን አንስቶላት አያውቅም፤ ነገ ዛሬ ስትል ሳትጠይቀው ሞተ። ወደ ጋሽ ደረጄ ዞረች። ከአባቷ ጋር ከሱዳን በአንድ አውሮፕላን የመጣው እሱ ነው፤ እሱም ጫማ ጫማውን ያያል። ያኔ ከኋላ አንድ ደረቅ ሳል ተሰማና "ወልደ ሰንበት" የሚል የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

ቀሲስም ተቀበሉት። አባቷ በዚያ ስም ተፈታ፤ ሥርዓቱም አለቀ።

አሁን ጠጂቱ "በማን በኩል ናቸው" ስትል ጸዮን ያን ስም አስታወሰች። የማይታወቅ ሰው በሰጠው ስም ነው አባቷ የተሸኘው። ስሙ የሌላ ሰው ከሆነስ? ጸሎቱ ሁሉ ለሌላ ሰው ደርሶ አባቷ ባዶ እጁን ቢቀርስ? ጸዮን ቶሮንቶ ተወልዳ ያደገች፣ የኢንሹራንስ ቢሮ ሠራተኛ ናት፤ እንዲህ ያለ ነገር ያስፈራኛል ብላ አስባ አታውቅም። አስፈራት።

በተለይ አባቷ ስሙ ሲጠራ ቶሎ የማይሰማ ሰው ስለነበረ። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ አብረው ሲሄዱ፣ የሆነ ሰው "ሳህሉ!" ብሎ ሲጣራ እሱ መንገዱን ይቀጥላል። "ሳህሉ! ኧረ ሳህሉ!" እጅጌውን ስትጎትተው ገና እንደነቃ ሰው ይዞራል። እናቷ የኔነሽ በሕይወት ሳለች "ይሄን ጆሮህን ሐኪም ይየው" እያለች ትነዘንዘው ነበር። ታየ፤ ጆሮው ከጤነኛም ጤነኛ ነው ተባለ። እናቷ የዚያን ቀን ስቃ ስቃ ልትሞት።

ሌላም ነገር ነበረው፤ ይሄኛው አያስቅም። አባትና ልጅ ብቻቸውን ምሳ እየበሉ፣ አባቷ በድንገት ከወንበሩ ብድግ ይልና በሩን እያየ "ኖር!" ይላል፤ ትልቅ ሰው ሲገባ እንደሚባለው። በሩ ዝግ ነው። ትንሽ ቆሞ፣ የሆነ ሰው እስኪቀመጥ የጠበቀ ይመስል፣ መልሶ ቁጭ ይላል። ልጅ ሆና "ለማን ነው?" ብትለው "ለአያትሽ" አላት።

"አያቴ የታሉ?"

"መንገድ ላይ ናቸው" ብሎ መብላቱን ቀጠለ። ካደገች በኋላ እንዲህ ሲያደርግ እንዳይታይባት ብላ ጓደኛ ቤት መጥራት አቆመች። ከእናቷ ሞት በኋላማ ለምዳው ከስልኳ ቀና አትልም ነበር።

አፈሩ በተጠረገበት ቀን ከሰዓት ሽማግሌው ጥጋቸው ላይ ነበሩ። ጸዮን ሻይ ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች። አሮጌ ካፖርት ለብሰዋል፤ ውጭ በረዶ እየጣለ ካፖርታቸው ደረቅ ነው። ትልልቅ የገበሬ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ፊታቸው የሚያስፈራ አልነበረም፤ የደከመው መንገደኛ ፊት ነው።

"አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና..." አለች። "በማን በኩል ነዎት?"

ጠጂቱ ከማዶ ዓይኗን አፈጠጠችባት።

ሽማግሌው አልተቆጡም። ሳል ሳሉና "በስሙ በኩል ነኝ፣ ልጄ" አሉ። ከዚያ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ "ስንቴ ተነሥቶልኛል መሰለሽ" አሏት።

ጸዮን ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች። አባቷ ለባዶ በር ሲነሣ ያየች እሷ ብቻ ናት። ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ አፍራበት ነበር።

በማግስቱ ወንበሩ ባዶ ነበር። ጠጂቱ ከሥሩ ብትጠርግም ምንም አላገኘችም። "አስቀየምሻቸው" አለቻት። "ለቅሶ ቤት ሰው ይጠየቃል?"

ለቀስተኛው ሲበተን ቀሲስ ስምዖን ጸዮንን ለብቻዋ አነጋገሯት፤ ስሙን የሰጡትን ሽማግሌ የሚያውቅ እንደሌለ ነግራቸው ነበር። "አይዞሽ፣ እግዚአብሔር የራሱን አይስትም። አንቺ ግን ልብሽ እንዲያርፍ፣ እስከ አርባው አጣሪ። የተጠመቁበት ደብር ይታወቃል?"

ይታወቃል። አባቷ ካናዳ ሲገባ በሞላው ወረቀት ላይ የትውልድ ቦታው ወሎ፣ ሾላ ሜዳ፣ የአባቱ ስም ባህሩ ይላል። መጀመሪያ ግን ኢቶቢኮ ድረስ ነድታ ጋሽ ደረጄን ጠየቀችው።

"እኔ ሱዳን የስደተኛ ካምፕ ስደርስ ነገሩ አንድ ወር አልፎት ነበር" አለ ጋሽ ደረጄ። "ሁለት ጓደኛሞች ነበሩ አሉ፣ አንዱ በወባ ሞተ። ወደ ካናዳ የሚወስድ ስፖንሰር የመጣለት ሳህሉ ነው፤ የሞተው ሌላኛው ነው ተባልኩ።" መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገው። "ማን እንዳለኝ ግን ታውቂያለሽ? ራሱ አባትሽ ነው። ካምፕ ውስጥ ደግሞ ሰው አይጠየቅም ነበር።"

የሾላ ሜዳ ጊዮርጊስ የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ፀጋዬ የሚባል ቀልደኛ ሰው ነው። በሰው በሰው ስልኩን አግኝታ ደወለችለት። መዝገብ ማገላበጥ የሚወድ ሰው ሆኖ ተገኘና በቀናት ውስጥ መልሶ ደወለላት።

"እህቴ፣ አያትሽን አገኘኋቸው ልበልሽ ወይስ አጣኋቸው? የክርስትና መዝገቡ ድሮ ተቃጥሏል። የግብር መዝገብ ውስጥ የሉም፣ ጋብቻ ላይ የሉም። የቀብር መዝገቡ ላይ ግን የሌሉበት ገጽ የለም! ማንም ይሙት ማን፣ ከሥሩ 'ቀብሩን ያየ፣ ባህሩ' ይላል። ሕፃን ቢሞት ባህሩ፤ መንገደኛ ቢሞት ባህሩ። እዚህ አገር ያለ ባህሩ የተቀበረ ሰው የለም።"

"የእሳቸውስ ቀብር?"

ፀጋዬ ሲመልስ ቀልዱ ከድምፁ ጠፍቶ ነበር። "እሱ ነው ያልገባኝ። ሞቱን ሽማግሌዎቹ ይነግሩኛል፤ ከሞቱ ሠላሳ ዓመት አልፏል። የት እንደተቀበሩ የሚያሳየኝ ግን የለም። አንዱ ሌላኛው ቀብሯቸዋል ይለኛል።"

"የልጃቸውን የሳህሉን የክርስትና ስም ብቻ ፈልግልኝ" አለችው። "ሌላ አልፈልግም።"

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ድሮ መሬት ሲካፈልም ሆነ ሰው ሲናዘዝ የሚጻፈው በደብሩ ትልቅ ወንጌል ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ነበር፤ ወንጌል ላይ የተጻፈ አይካድምና። ፀጋዬ ዕቃ ቤት ጠባቂውን ለምኖ፣ ተቆጥቶ፣ መልሶ ለምኖ አስከፈተ። ፎቶው ሲደርሳት ጸዮን ከሥራ እየተመለሰች ሰብዌይ ውስጥ ነበረች። ባቡሩ ሺፐርድ ጣቢያ ሲደርስ ወረደችና ሰዉ እየተጋፋት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አነበበችው።

"እኔ ባህሩ ይህን ተናዘዝሁ። አንድ ልጄ ሳህሉ፣ የክርስትና ስሙ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ በሱዳን በስደት ሞተ። ጓደኛው ስሙን ይዞ ባሕር ተሻገረ። ኋላም ጽፎ ነገረኝ፣ ይቅር በለኝም አለኝ። አልረገምሁትም። የልጄ ስም መሬት ወድቆ እንዳይቀር ያነሣው እሱ ነው። የክርስትና ስሙ ወልደ ሰንበት ነው። አባት እናት የለውም፤ ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ነው። ከጊዮርጊስ ማዶ ያለው ማሳዬ የእሱ ነው። አገሩ ሩቅ ነውና አልቅሰው የሚሸኙት ዘመዶች አይኖሩትም፤ ለቀብሩ እኔ እደርሳለሁ።"

ከሥሩ ፀጋዬ የማሳውን ፎቶ ጨምሮላታል። ጦሙን ያደረ፣ ቀይ መሬት ነው።

ጸዮን እዚያው አለቀሰች። አንዲት ሴት ሶፍት ሰጠቻት፤ ተቀብላ አመስግና ማልቀሷን ቀጠለች። አባቷ ሲወለድ ምን ተብሎ እንደወጣለት አታውቅም፤ ከእንግዲህም የሚነግራት የለም። ዕድሜውን ሙሉ በሞተ ጓደኛው ስም ሲጠራ ደንግጦ ይዞር የነበረው አባቷ አሳዘናት። ግን ልጄ ብሎ የጠራው ሰው ነበረው። መንገድ ላይ ናቸው ሲላት እውነቱን ነበር፤ እሷ ደግሞ ደርሰው ከአጠገቧ ሲቀመጡ በማን በኩል ነዎት ብላ ጠየቀቻቸው።

የአርባው ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ለቀሲስ ስምዖን ሁለት ስም ሰጠቻቸው።

"ሁለት?" አሉ ቀሲስ። "ኃይለ ጊዮርጊስ ደግሞ ማነው?"

"ካምፕ ውስጥ የሞተ ነው፣ ቀሲስ። ሳህሉ ማለት እሱ ነው። ሰው ሁሉ በሕይወት አለ ስላለ የጸለየለት የለም።"

ቀሲስ አዩዋት። ሌላ ሳይጠይቁ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ከነአግዳሚው የተገዛ አሮጌ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሲቀመጡበት ይንቋቋል። ጸዮን ጫፉ ላይ ተቀምጣ ካፖርቷን አጠገቧ አድርጋለች። ጠጂቱና ጋሽ ደረጄ ከፊቷ ናቸው። ከኋላዋ ሰው አልነበረም፤ ስትገባ አይታለች። ጸሎቱ ተጀመረ። ቀሲስ መጀመሪያ ኃይለ ጊዮርጊስን ጠሩ፤ ቀጥለውም "ወልደ ሰንበት" አሉ።

ከኋላዋ ደረቅ ሳል ተሰማ።

ጠጂቱ ወደ ኋላ ልትዞር ስትል ጸዮን ትከሻዋን በእጇ ነካ አድርጋ ከለከለቻት። እሷም አልዞረችም። ከመቀመጫዋ ግን ተነሣች።

"ኖር" አለች ቀስ ብላ።

ካፖርቷን አንስታ ቦታ ለቀቀችና ትንሽ ቆማ ጠበቀች። አግዳሚው ከአጠገቧ ሲንቋቋ፣ ካፖርቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።