ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ

ሐምሌ 19 ቀን 1995 ዓ.ም. ጠዋት፣ ከሶዶ ወደ ቦዲቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው የድንጋይ ቤት በራፍ ላይ ሦስት ሰዎች ነበርን፦ ቤቱን ከመንግሥት የተከራየው ጋሽ ዳና፣ ቤቱን ያሠሩት ሰው ልጅ ወይዘሮ ሳህሊቱ፣ ሰሌዳ ጸሐፊው እኔ ታምራት።

የወይዘሮ ሳህሊቱ አባት ቀኛዝማች ሠረቀ ይባሉ ነበር። በጃንሆይ ዘመን አንድ ግሪክ ግንበኛ ቀጥረው ቤቱን አሠሩት። መስኮቶቹ ረጃጅምና ጠባብ ናቸው፤ አናታቸው ላይ እንደ ጦር ይሾላሉ። የሳሎኑ ጣሪያ በድንጋይ ቅስቶች ተይዞ ወደ ላይ ይሰበሰባል። ማማም አለው፤ ደወል ግን ተሰቅሎበት አያውቅም። ድንጋዩን ከዳሞታ ተራራ በጫንቃቸው ያወረዱት ጭሰኞች ናቸው። የጋሽ ዳና አያት ቦሼ ከእነሱ አንዱ ነበሩ። ደርግ ቤቱን ወረሰና የገበሬ ማኅበር በቆሎ አከማቸበት። ደርግ ሲወድቅ የሌሊት ወፍ ገባበት። ጋሽ ዳና ሕንድ አገር እርሻ ሊማር ሄዶ የቡድሃን ጥሞና ተምሮ የተመለሰ የዚሁ አካባቢ፣ የጉኑኖ ሰው ነው። ቅስቶቹን ኖራ ቀባ፣ ምንጣፍ አነጠፈ፣ ሰው ዝም ብሎ የሚቀመጥበት ማዕከል አደረገው።

የቤቱን ታሪክ በራፉ ላይ በሚሰቀል ሰሌዳ እንድጽፍ ቀጠረኝ። የሰጠኝ ወረቀት «ይህን ቤት ያሠራው ሰረቀ ነው» ብሎ ይጀምራል። ስሙን በንጉሡ ሠ አርሜ እየጻፍኩ ሳለ ወይዘሮ ሳህሊቱ መጡ።

«ጣዖት አቁመህበት ደግሞ የአባቴን ስም ትለጥፍበታለህ?» አሉት ጋሽ ዳናን።

«ጣዖት የለም። ዝም ብለን ነው የምንቀመጠው።»

«መቀመጡንማ ድሮም ታውቁበታላችሁ።»

«አያቴ አንድ ቀን ቢቀመጡ ኖሮ ይህ ቤት አይቆምም ነበር፣ እትዬ።»

ወይዘሮ ሳህሊቱ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው አነበቡ። «አባቴን ሌባ አልከው» አሉ።

ጋሽ ዳና ግራ ገባው። «ስማቸው ሰረቀ አይደለም እንዴ?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ሰው ትክ ብሎ ሲያየኝ ላብ ያጠምቀኛል። የቀለሙን ቆርቆሮ እያየሁ፣ «ጋሼ፣ በንጉሡ ሠ ሲሆን ወጣ ማለት ነው፣ እንደ ፀሐይ። በእሳቱ ሰ ሲሆን ግን ሌብነት ነው» አልኩ።

ጋሽ ዳና ሳቀ።

«ሳላውቅ እውነቱን ጽፌያለሁ። ንጉሡ ከወረደ ስንት ዓመቱ፣ በእሳቱ ጻፈው።»

«አንተ ልጅ፣ እንዳታደርገው» አሉኝ ወይዘሮ ሳህሊቱ። «መሬቱን ወሰዱ፣ ቤቱን ወሰዱ። ከአባቴ የቀረኝ ስሙ ብቻ ነው።»

«የአያቴን ጫንቃስ ማን መለሰልኝ?» አለ ጋሽ ዳና። ወደ እኔም ዞሮ፣ «የቀጠርኩህ እኔ ነኝ። ጻፍ» አለኝ።

የሰው ስም ማበላሸት አልፈለግኩም። ብሩሹን ቆርቆሮው ላይ አስቀመጥኩት።

ጋሽ ዳና አነሳው። የጻፍኩትን ሠ በጨርቅ ጠርጎ በቦታው ሰ ጻፈ። ፊደሉ ከሌሎቹ ሁሉ ትልቅና ጠማማ ሆነ። ወይዘሮ ሳህሊቱ መሬት ላይ ምራቃቸውን ተፉና ሄዱ።

በጥቅምት፣ ወይዘሮ ሳህሊቱ የአባቴን ስም አጥፍቷል ብለው ጋሽ ዳናን ከሰሱት። ዳኛው ሰሌዳውን አስመጥተው ጮክ ብለው አነበቡት፤ የሁለቱ ፊደላት ድምፅ አንድ ነው ብለው መዝገቡን ዘጉ።