ዓርብ ከቶኪዮ፣ እሁድ ከሰማይ

እስቲ ንገሩኝ፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስትጸልዩ ከሥር የሚፈሰውን ዜማ ማን እንደሠራው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። እንባችሁን ጠርጋችሁ ወደ ሻዩ ትወርዳላችሁ እንጂ ኪቦርዱ ጋ ማን እንደተቀመጠ እንኳ ዞር ብላችሁ አታዩም።

ለንደን ውስጥ፣ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ፣ እንግሊዞቹ ጠዋት አምልከው ሲወጡ ከሰዓት በኋላ በኪራይ የምትገባ አንዲት የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን አለች። እዚያ ኪቦርዱ ጋ የምትቀመጠው ኤዶም ናት፤ ኬንቲሽ ታውን ባለ ክሊኒክ የሰው ጆሮ የምትመረምር፣ ቃል የማታበዛ ሴት። በእንዲህ ያለ ጉባኤ ጸሎት ባዶውን አይጸለይም። መሪው «እንጸልይ» ሲል ኪቦርዱ ከሥር ይገባል። የሰውየው ድምፅ ሲነሣ እየተነሣ፣ ሲሰበር እየወረደ፣ ትንፋሹን ተከትሎ ይሄዳል። ተጫዋቹ ከቀደመ ጸሎቱን ይጎትተዋል፤ ከዘገየ ሰውን ብርድ ላይ ይጥለዋል። ኤዶም ይህን ታውቅበት ነበር። ሁሉም ጮኾ በሚጸልይበት መካከል እሷ በአፏ መጸለይ አይሆንላትም። የምትጸልየው በጣቶቿ ነው። ያን ወንበር የወሰደባት ሰው ጸሎቷን ወሰደባት ማለት ነው።

ዓርብን ትወዳለች። ዓርብ አዳዲስ አልበሞች የሚወጡበት ቀን ነው፤ ኤዶምም ከኬኒንግተን ወደ ሥራ ባቡር ስትሳፈር ስልኳ ላይ ቀድማ የምትከፍተው ከጃፓን የመጣውን ነው። የሩዝ ማብሰያ ጩኸት ላይ የሚያንጎራጉር ሰው አለ። በተሰበረ የልጆች መጫወቻ ፖፕ የሚሠሩ እህትማማቾች አሉ። ከዝናብና ከአንድ ኦርጋን በቀር ምንም የማያሰሙ ሽማግሌም አሉ። የእንግሊዝ ተቺዎች ስለ እነዚህ ሰዎች ሲጽፉ የቀርከሃ ደንና የመነኩሴ ዝምታ ካላነሡ ብዕራቸው አይንቀሳቀስም። ውሸታቸውን ነው! ሰዎቹ እንደ ለንደን ሰው ባቡር ውስጥ የሚጋፉ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ያስመረራቸው፣ ጸጥታን ከየትም ስላላገኙት ራሳቸው የሚሠሩት ናቸው። ኤዶም ከእነሱ የተማረችው ቀላል ነገር ነው፤ አንዱ ድምፅ ሞቶ ሳያልቅ ሌላውን አለመንካት።

በግንቦት አንድ ዓርብ «የታጠፈ አንሶላ» የሚባል አልበም ወጣ። ቶኪዮ ውስጥ አንዲት ሴት በጠባብ ቤቷ በአሮጌ ሲንተሳይዘር ኪቦርድ ለብቻዋ የሠራችው ነው። ገና ሲጀምር ጥቂት ድምፆች ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ቀስ ብለው ይወርዳሉ፤ ትንፋሽ ይወስዳሉ፤ እንደገና ይወርዳሉ። ኤዶም ጣቢያዋን አሳልፋ ተፍኔል ፓርክ ደርሳ ነው የነቃችው።

በዚያው እሁድ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ጋሽ መኩሪያ ለታመሙት ይጸልያሉ። የኤዶም ጣቶች ሳታዛቸው እነዚያ ድምፆች ላይ ወረዱ። ሁልጊዜ የሚጮኸው ጉባኤ ቀስ በቀስ ረጋ። ሰው በሹክሹክታ መጸለይ ጀመረ፤ ውጭ የአውቶቡስ በር ሲተነፍስ እንኳ ይሰማ ነበር።  ጋሽ መኩሪያ ራሳቸው በእንባ ማይኩን ከፍ አደረጉ።

«ወገኖቼ፣ ይህ የሰው ዜማ አይደለም! ከሰማይ ነው! ዛሬ፣ አሁን፣ ለእህታችን የተሰጠ አዲስ ዜማ ነው። አሜን በሉ!»

«አሜን!»

ኤዶም ፊቷ ጋለ። በአሜን መካከል ተነሥቶ «የለም» የሚል ማን ነው? እናንተስ ትነሡ ነበር? እጇን ኪቦርዱ ላይ እንዳደረገች አቀረቀረች።

ከጉባኤው በኋላ ታች ሻይ ሲጠጣ ጋሽ መኩሪያ ፈልገው አገኟት። ፊታቸው ገና ያበራል።

«ኤዱዬ፣ ጌታ ይባርክሽ! መቼ ነው የሰጠሽ? በሕልም ነው?»

«ኧረ ጋሼ፣ ዓርብ ነው የወጣው።»

«ምኑ?»

«አልበሙ። ከቶኪዮ። የሠራችው ጃፓናዊት ናት። እዚያው ልነግርዎት ነበር፣ ሰው ሁሉ አሜን ሲል ጊዜ አፈርኩ።»

ጋሽ መኩሪያ ኩባያቸውን አስቀመጡ። «አማኝ ናት?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም ትያለሽ?»

ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ሌዊ ብስኩት እያኘከ ጣልቃ ገባ። «ጋሼ፣ ኪቦርዱም እኮ የጃፓን ነው። አማኝ ይሁን አይሁን ቼክ ያደረገ የለም። የእርስዎ ፕሪየስ መኪናስ ንስሐ ገብታለች?»

«አንተ ቀልደኛ፣ ዝም በል!»

 ጋሽ መኩሪያ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

ረቡዕ ደወሉላት። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር።

«ልጄ፣ ለጊዜው እረፍት አድርጊ።»

እረፍት! የእኛ ሰው ሲያባርር «ወግድ» አይልም። እረፍት ይሰጣል፤ የተባረረውም አመስግኖ እንዲሄድ ይጠበቅበታል።

«ምን አጠፋሁ ጋሼ?»

«ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ነገር ጉባኤ ውስጥ አይገባም። መንፈስ ነው ጉዳዩ።»

«እሁድ ከሰማይ ነው ብለው ነበር።»

«እሱ ሌላ ነገር ነው። ሕዝቡ እንዳይሰናከል ብዬ ነው፤ ለማንም መንገር አያስፈልግም።»

እንዴት ሌላ ነገር ይሆናል? አያቶቻችን እያለቀሱ የዘመሩት መዝሙር ዜማው ከስዊድን ሚስዮናውያን ጋር በመርከብ የመጣ አይደለም? ኤዶም ይህ ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። «እሺ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ዓርብ ሲደርስ አዲስ የወጣውን አልከፈተችም። በባቡሩ ጩኸት ብቻ ሄደች። ማታ ነገሩን የሰማው ሌዊ ደወለላት።

«እኔም ቤዜን ላስቀምጥ?»

«አትቀልድ።»

«ሲሪየስ ነኝ። ግን አንቺ ዝም ካልሽ ነገ ታሪኩ “ራሷ ተወችው” ነው የሚሆነው። አታውቂያቸውም?»

«እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም፣ ሌዊ።»

«ጉድ ነው! ስለ ጃፓን ስትጀምሪ ጆሮዬ እስኪደነቁር የሚያወራው ታዲያ ማን ነው?»

ሳትፈልግ ሳቀች።

እሁድ መጥታ ከሰው ጋር ተቀመጠች። ኪቦርዱ ጨርቅ ለብሷል። ጋሽ መኩሪያ «እንጸልይ» ሲሉ አንድ ልጅ ስልኩን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝቶ ከኢንተርኔት የወረደ ዜማ ለቀቀ። ማን ሠራው? አማኝ ነው? የጠየቀ አልነበረም። ዜማው ትንፋሽ አያውቅም፤ የሽማግሌው ድምፅ ሲሰበር ያው ነው፣ ሲነሣም ያው ነው። ጸሎቱ አልቆ አሜን ከተባለ በኋላም እሱ እንደ ፍሪጅ ማጉረምረሙን ቀጠለ። ልጁ ስልኩን ለማጥፋት ሲደነባበር ጥቂቶች ሳቁ። ኤዶም አልሳቀችም። ደረቷ ውስጥ የታመቀው ጸሎት መውጫ አጥቶ ነበር።

ከዚያ ማስታወቂያ ሆነ።

«እህታችን ኤዶም» አሉ ጋሽ መኩሪያ፣ ወደ እሷ ሳያዩ፣ «በራሷ ፈቃድ ከአገልግሎት እረፍት ወስዳለች። በጸሎት እናስባት።»

«አሜን» አለ ጉባኤው።

ኤዶም ተነሣች። ድምፅዋ፣ ራሷንም እስኪገርማት ድረስ፣ የረጋ ነበር።

«ጋሽ መኩሪያ፣ በራሴ ፈቃድ አይደለም። ረቡዕ ደውለው እረፍት አድርጊ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ኤዶም ቀጠለች።

«ያለፈው እሁድ ዜማ የእኔ አይደለም። አንዲት ሴት ቶኪዮ የሠራችው ነው፤ ስሟን ለሚፈልግ እነግረዋለሁ። ሲጠይቁኝም አልደበቅሁም። ከሰማይ ነው ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ይህ ሁሉ ሰው አሜን ብሏል።»

«ልጄ፣ ይህን ታች ወርደን እንነጋገርበታለን።»

«ታች አይሆንም፣ ጋሼ። አሜን የተባለው እዚህ ነው። ያን ቀን ይህን ጉባኤ ያረጋው ማን ነበር? እግዚአብሔር ከነበረ፣ ከወንበሬ ለምን አስነሡኝ? ካልነበረ፣ ለምን አሜን አስባሉን? ማይኩ እጅዎ ላይ ነው። ሁሉም እየሰማ፣ አሁን ይመልሱልኝ።»