መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ

የልጅ ልጄ የአካባቢ ጤና ልትማር ባሕር ማዶ ከሄደች ወዲህ እንቅልፍ ርቆኝ ነበር። በሕፃንነቷ የሳንባ ምች ከእጃችን ነጥቆ ሊወስዳት ስለነበር የብርድ ነገር ያስበረግገኛል። እዚያ ብርዱ ሲጠና አባቷን ወጥሬ ይዤ ቲኬት አስቆረጥኩና ሄድኩላት።

ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና ውርጭ የሚያስገባ አንድ መስኮት ነበራት። ጠረጴዛው ላይ የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል ነጭ ማሽን ተቀምጣለች።

«እምዬ፣ ይቺ የክፍሉን አየር ትለካለች» አለችኝ። «ሰው ተንፍሶ የሚያወጣው የተቃጠለ አየር ሲበዛ ቁጥሯ ይጨምራል። ሳምንቱን ሙሉ መስኮቱን ገርበብ አድርጌ መለካት አለብኝ። ይሄን ሥራ ከወደቅኩ የነፃ ትምህርት ዕድሌን ይነሱኛል።»

«በዚህ ብርድ? ይሄ ነው ጤና ብለው የሚያስተምሩሽ?»

«መስኮቱን እንዳትነኪው፣ አደራ።»

እሺ ብዬ ነበር። ግን እሷ ወደ ትምህርቷ ስትሄድ ያ ንፋስ እንደ ሌባ ሾልኮ ይገባል። በርዷት ስትመለስ ሞቆ ይጠብቃት እያልኩ ጥርቅም አደርገዋለሁ። ኮቴዋን ደረጃው ላይ ስሰማ ደግሞ ከፍቼ ብርድ ልብስ ውስጥ እገባለሁ።

ሳምንቱ ሲያልቅ ኮምፒውተሯ ላይ አፍጥጣ ቀረች።

«እኔ ስወጣ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ስመለስ ይወርዳል። መስኮቱ ክፍት ሆኖ? ማሽኗ ተበላሽታለች። መምህሬ ናት ያዋሰችኝ፤ ምን ልላት ነው?»

እኔ ነኝ እንዳልላት አባቷ ጋ ደውላ ‘ናና ውሰዳት’ እንዳትል ፈራሁ። ማሽኗን በፎጣ ጠቅልላ፣ ኮምፒውተሯን ይዛ ወደ መምህሯ ልትሄድ ካፖርቷን ስትደርብ ግን አንጀቴ አልቻለም።

«ቆይ፣ አብሬሽ ልምጣ።»

መምህሯ እሷም ቢሮዋ ውስጥ መስኮቷን ከፍታ፣ ካፖርት ለብሳ ተቀምጣለች። የጤና ነገር እንዲህ ከሆነ ምን ይባላል?

«ተርጉሚልኝ» አልኳት ልጄን። «ማሽኗ ጤነኛ ናት። መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ስትወጣ እዘጋለሁ፣ ኮቴዋን ስሰማ እከፍታለሁ በያት።»

«እምዬ! ሳምንቱን ሙሉ?»

«ሳምንቱን ሙሉ።»

ፊቷ ቀልቶ ተረጎመችላት። መምህሯ ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ወጣ ገባ የሚለውን የቁጥሩን መስመር በጣቷ እየተከተለች ብዙ አየች። ከዚያ አንድ ነገር አለች፤ ልጄ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ሳቀች።

«ምን አለች? አባረረችሽ?»

«‘የኔም አያት ይዘጉ ነበር’ አለች። ‘አየሩን ለካሽ፣ ሰዎቹ ለምን እንደሚዘጉ ግን አልጠየቅሽም። ጠይቂያቸውና አብረሽ ጻፊው’ ብላ አንድ ሳምንት ጨመረችልኝ።»

ያቺን መምህር እግዜር ይስጥልኝ። መቆጣት ስትችል አልተቆጣችም።

የዚያኑ ዕለት ልጄ እስክሪብቶ ይዛ አልጋው ላይ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «እሺ እምዬ፣ ለምን ዘጋሽው?»

ያኔ በሕፃንነቷ ትንፋሿ ሲቆራረጥ፣ እናቷና እኔ እየተቀባበልን ደረታችን ላይ እንዴት አድርገን እንዳሳደርናት ነገርኳት። ሰምታው አታውቅም ነበር። መጻፉን ትታ ጭኔ ላይ ተኛች።

ሥራዋን አለፈች፤ ተመስገን። እኔም ወደ ቤቴ ተመለስኩ። አሁን ጠዋት ጠዋት ራሴን በፎጣ ጠምጥሜ መስኮቴን ገርበብ አደርጋለሁ። ወዲያው ስልኩ ይጮሃል።

«እምዬ፣ ከፈትሽ?»

«ከፍቻለሁ። አንቺስ ካልሲ አድርገሻል?»